ተራራው ዛሬ ምን ለብሷል?

አንድ ወርቅ አጣቢ ነበረ።

እንደሱ አትዪኝ አርሴማ። የጠየቅሽኝ አንቺው ነሽ፤ እኔ ደግሞ ለጥያቄ በአንድ ቃል መመለስ አልችልበትም። ወጌሻ ነኝ፤ አርባ ዓመት ሙሉ የተጣመመ ሳቃና ኖሬያለሁ፣ የምቸኩልበት ነገር የለኝም። «አባባ፣ ስልክ ጥይት አይደለ፤ አቀርቅሮ ማየት ብቻውን ሰውን ምን ያደርገዋል?» ብለሽኛል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እስኪያልፍ ድረስ አንገቴን አንዴ ቋ አድርጉልኝ፣ ከዚያ በኋላ አርፋለሁም ብለሽኛል። ቋ አላደርግም። አንገት የጣት አንጓ አይደለም፣ በውስጡ የሚያልፈው ብዙ ነው። ትንሽ ቅባት እቀባሻለሁ፣ ትከሻሽን አሽልሻለሁ፣ እስከዚያው ምሳሌ እነግርሻለሁ። እናትሽ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፣ በሩም ክፍት ነው፣ ትሰማናለች። ትስማ።

ድሮ ተማሪ እኔ ዘንድ የሚመጣው ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ወልቆ ነበር፤ አሁን የሚመጣው አንገቱን ይዞ ነው። ትናንት እንኳ ሁለት መጥተው ነበር። አንደኛው እኔ ትከሻውን እያሸሁት በሌላው እጁ ስልኩን ይነካካል። በኩርኩም ልለው ምንም አልቀረኝም።

እና አንድ ወርቅ አጣቢ ነበረ። እሱና ሌሎች ሰዎች ከትልቅ ተራራ በሚወርድ ወንዝ ዳር ይኖሩ ነበር። ወንዙ ወርቅ አለው፣ ግን ወርቁ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው። ሰው እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አሸዋውን በገበቴ ዝቆ እያሽከረከረ ያጥባል። አሸዋው ከውሃው ጋር ይፈስሳል፣ ከበድ ያለው ጥቁር አሸዋ ከታች ይቀራል፣ ከጥቁሩም መሃል አንዳንዴ ብልጭ የሚል ነገር ይታያል። አንዳንዴ ነው ያልኩሽ። ሁልጊዜ ቢሆን ኖሮ ሰው ጠግቦ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። አንዳንዴ ስለሆነ ነው ቀና ማለት የሚያቅተው። አሁን ቀና ካልኩ ያ ስጠብቀው የዋልኩት ያመልጠኛል ይላል።

ያ ወንዝ ክፉ ጠባይ ነበረው። በጋውን ሙሉ ሕፃን ይሻገረዋል። ተራራው ላይ ዝናብ የጣለ ቀን ግን፣ እዚህ ታች ፀሐይ እንደወጣ፣ ሰማዩም ጥርት እንዳለ፣ ደራሽ ውሃ ከች ይላል። ድንጋይ እያንከባለለ፣ ዛፍ ከነሥሩ እየነቀለ ይመጣል። በአገሩ ውሃ ሰው ያልወሰደበት ቤተሰብ አልነበረም።

ስለዚህ አባቶቻቸው ሁለት ሥርዓት ሠርተውላቸው ነበር። አንደኛው ጥበቃ ነው። በወንዙ መታጠፊያ ላይ ባለው አለት ሁልጊዜ አንድ ሰው ጥሩንባ ይዞ ይቆማል፣ ዓይኑን ከተራራው አያነሣም፣ ደመናው ሲጠቁር ይነፋል። ይህ በተራ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ነው። ጧት ማንም እግሩን ውሃ ውስጥ ከመንከሩ በፊት ሁሉም ተሰልፎ ይቆማል። የወንዙ ሽማግሌ አንድ በአንድ እየዞሩ «ተራራው ዛሬ ምን ለብሷል?» ብለው ይጠይቃሉ። የተጠየቀውም ቀና ብሎ፣ በገዛ ዓይኑ አይቶ፣ «ጉም ለብሷል» ወይም «ራቁቱን ነው» ብሎ ይመልሳል። ሕፃን ሽማግሌ የለም፣ ሁሉም ይጠየቃል። ተራራን ለማየት አንድ ሰው አይበቃም ወይ ትይኝ ይሆናል። ይበቃል። ለምን ሁሉም እንደሚጠየቅ ኋላ ትደርሺበታለሽ።

ይህ የምልሽ ሰው ከአጣቢዎቹ ሁሉ የተዋጣለት ነበር። ሌላው ሰው ወገቡን ለማፍታታት ሲቆም እሱ አይቆምም። ሌላው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ምሳውን ሲበላ እሱ በአንድ እጁ እየጎረሰ በሌላው ገበቴውን ያሽከረክራል። ይቺ ነገር የምታውቂያት መሰለኝ። ሚስቱ ሞታበት አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ለእሱ ከእሷ በቀር፣ ለእሷም ከእሱ በቀር ሰው አልነበራቸውም፣ ውሃውም ውስጥ አብራው ትውላለች። የምሠራው ለልጄ ነው ይል ነበር። እውነቱን ነው። አንቺም የማየው ትምህርቴን ነው ብለሽኛል፣ እሱም ከፊሉ እውነት ነው።

መጀመሪያ ማታ ማታ ማጅራቱን ይወጋው ጀመር። ልጁ ድንጋይ አሙቃ በጨርቅ ጠቅልላ ታስቀምጥለታለች፣ ነገን እንኳ ዕረፍ ትለዋለች። እሱ የነገውን ገበቴ እየጠረገ፣ ሳያያት፣ ደህና ነኝ ይላታል። ቀጥሎ ጧት ሲነሣ አንገቱ እንደ ደረቀ ቆዳ ግትር ይልበት ጀመር። ፀሐይ ሲነካው ይለቀኛል አለ፣ ለቀቀውም። ከዚያ ህመሙ ቀነሰለት፤ እሱም ተሻለኝ ብሎ ደስ አለው። የተሻለው ግን አልነበረም። ከአንገቱ የጠፋው ህመም ወደ ክንዱ ወርዶ፣ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ደነዘዙ። እሾህ ሲወጋቸው አይሰማውም ነበር። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይኸው ነው ልጄ።

ሲውል ሲያድር፣ ከጧቱ ጥያቄ በቀር ቀና ስለማይል፣ ሰውን በእግሩ መለየት ጀመረ። የጎረቤቱን እግር ያውቃል፣ የሽማግሌውን ምርኩዝ ያውቃል፣ ልጁንም በግራ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ባለው ጠባሳ ያውቃታል። ትናገረዋለች፣ እሱም ለጠባሳው ይመልስላታል። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ልጅቷ ቁመቷ ረዘመ፣ ፊቷ የትልቅ ሰው ፊት ሆነ። እሱ ግን አላየውም።

አንድ ቀን ጧት ሰልፍ ላይ ቆሞ ተራው ሲደርስ ቀና ልበል ቢል አንገቱ እምቢ አለው። ትንሽ ታገለ። ከማጅራቱ እስከ ጣቱ ድረስ እሳት ለቀቀበት። ያኔ ደነገጠ። ሥርዓቱን ያውቃላ! ተራራውን ማየት ያልቻለ ሰው ከውሃው ይወጣል፣ ይታሻል፣ እስኪድን ይቀመጣል፣ ቦታውንም ሌላ ይይዝለታል። ከጎኑ ያለው ሰው «ራቁቱን ነው» ሲል ሰምቶ ነበርና እሱም «ራቁቱን ነው» አለ። ሽማግሌው አለፉት። ሰውዬው እፎይ አለ። በማግስቱም እንዲሁ አደረገ። በጋ ነበርና ተራራው ሁልጊዜ ራቁቱን ነው፣ ውሸቱም ሁልጊዜ እውነት ሆኖ ይገኝለታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማ ይሆን? ሰምቷል። ግን ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ይቺን ወር ብቻ ይል ነበር።

ሽማግሌው አላዩም ወይ? አይተዋል። ዓይን አላቸው። ግን ይሉኝታ ያዛቸው። ጎልማሳ ሰው በልጁ ፊት፣ በጎረቤቱ ፊት፣ አንገትህን አንሣ እስኪ ማለት ከበዳቸው። ብቻውን ሳገኘው ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ አሉ። ብቻውን የሚገኝበት ቀን ጠፋ። እኔ ይሄ ይሉኝታ የሚባል ነገር ስንት ሰው እንደቀበረ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነው በሩን ክፍት ትቼ የምለፈልፈው።

በበልግ መግቢያ አንድ ቀን የጥበቃው ተራ የእሱ ሆነ። አሞኛል ማለት ይችል ነበር። አላለም። ጥሩንባውን ተቀብሎ አለቱ ላይ ወጣ። ጧት ሁሉም ራቁቱን ነው ብለው ነበር፣ ልክም ነበሩ። ሰዎቹ ውሃ ውስጥ ገቡ፣ ልጁም ከሁሉ ራቅ ብላ መሃል ወንዙ ላይ ቆመች፤ አባቷ ጥበቃ ስለወጣ የያዘችለት ቦታ ነው፣ አሸዋው እዚያ ይሻላል።

ፀሐይዋ እየከረረች ሄደች። ሰውዬው አለቱ ላይ ቆሞ የገዛ ጥላውን ያያል። ጥላው ጥቁር ነው፣ ጥርት ያለ ነው፤ እንዲህ ያለ ፀሐይ እያለ ምን ዝናብ ይመጣል አለ። ደግሞ አለቱ ስንጥቅ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ ሲል አየ። ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ይጭር ጀመር። ወርቅ አይደለም፣ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ነው፣ እሱም ያውቃል። ግን መጫሩን አልተወም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

እኩለ ቀን ሲሆን ሽማግሌው ዛፍ ተራራውን ከጋረደባቸው ከታች ከዳርቻው ሆነው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁ።

«ተራራው ምን ለብሷል?»

እሱም ሳያቅማማ፣ ከስንጥቁ ዓይኑን ሳያነሣ መለሰ።

«ራቁቱን ነው!»

ሰዎቹ ሰምተው ወደ ገበቴያቸው ተመለሱ። ልጁም ሰምታ ተመለሰች። የአባቷ ድምፅ ነው፣ ምን ትጠራጠራለች?

ጥቂት ቆይቶ ወፎቹ ዝም አሉ። ቀጥሎ ከእግሩ ሥር አለቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማው። በመጀመሪያ እግሬ ነው ብሎ ነበር። ከዚያ ስንጥቁ ውስጥ ያለው ጠጠር ሲዘል አየ። ቀና ልበል አለ፣ አንገቱ አልታዘዝ አለው። ወደ ኋላ ልዘንበል አለ፣ ህመሙ አንበረከከው። የሚያደርገው ቢያጣ አለቱ ላይ በጀርባው ተዘረረ፤ በዚያ አኳኋን ተራራውን ከስንት ጊዜ በኋላ አየው። ተራራው ከራሱ እስከ እግሩ ጠቁሯል። ጠቁሮም ቆይቷል፤ ደመናው ከጧቱ ጥያቄ በኋላ ሲከማች የዋለ ደመና ነው።

ጥሩንባውን አፉ ላይ ሊያደርግ ሲያነሣው እነዚያ ሁለት ጣቶቹ አልጨበጡለትም። ጥሩንባው ሾልኮ አለቱን እየመታ ወርዶ ውሃ ውስጥ ገባ። ጮኸ። በጀርባው እንደተኛ ወደ ሰማይ እየጮኸ ማን ይሰማዋል? ዳር ዳር ያሉት ብቻ ሰሙና ወጡ። መሃል ያለችው ገበቴዋ ውስጥ አቀርቅራ ነበር። ውሃው ሲደርስ እንደ ግድግዳ ነው የደረሰው፤ ቀይ ነው፣ ግንድ ተሸክሟል። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ጥለው ገቡ። ልጅቷን ክንዷን ይዘው የዳር ዛፍ ሥር ላይ ወረወሯት። እሳቸውን ግን ወሰዳቸው።

የዛፉም ሥር አልቆየም። ልጅቷን ውሃው ይዟት ሄደ። ወደ ታች ያሉ መንደረኞች በገመድ ጎትተው ዳር ላይ አጋደሟት፤ ከላይ ያሉትም እየሮጡ መጡ። ሰውዬው ከሁሉ በኋላ እየተደናቀፈ ደረሰ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ልጅቷ መሬት ላይ በጀርባዋ ስለተኛች፣ እሱም ወደ መሬት እንጂ ወደ ሌላ ማየት ስለማይችል፣ ፊት ለፊት ተያዩ። ትክ ብሎ አያት።

«ይቺ የማን ልጅ ናት?» አለ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። «አባዬ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለችው። እሱ ግን አላመነም፤ ዞሮ የግራ እግሯን ፈለገ፣ ጠባሳውን ሲያይ ነው ልጁ መሆኗን ያመነው።

አዎ፣ ተርፋለች። ይህን በመጠየቅሽ ጥሩ ልጅ ነሽ። ሽማግሌው ግን አልተገኙም።

ከቀናት በኋላ ውሃው ሲጎድል ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ተሰልፈው ቆሙ። የሚጠይቃቸው ሰው የለም። ሁሉም እግሩን ለማንሣት ፈራ። በመጨረሻ ልጅቷ ወጥታ መሃል ቆመችና እሷ ጠየቀች። አንድ በአንድ መለሱ። አባቷ ጋ ስትደርስ እግሯን ያያል፣ ጠባሳውን ያያል። ከጎኑ ያለው ሰው መልሱን ተናግሮ ነበር፣ መድገም ይችል ነበር። «አላይም» አለ። ከውሃውም ወጣ። አንገቱ ግን ከዚያ በኋላም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ይቺን አንዲት ቃል በመጀመሪያው ቀን ብሏት ቢሆን፣ ጥቂት ጊዜ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ታሽቶ፣ ይድን ነበር። ሽማግሌውም ዛሬ ይኖሩ ነበር። አባቶች ሰውን ሁሉ የሚያስጠይቁት ለምን እንደሆነ አሁን ገባሽ? የሚፈተነው የእያንዳንዱ ሰው አንገት ነበር፤ ተራራውን ለማየትማ አንድ ሰው ይበቃል።

ምሳሌው ይኸው ነው። አሁን ወዳንቺ ልምጣ።

ስልክ ጥይት አይደለም፣ እውነትሽን ነው። ወርቅ ማጠብም ጥይት አይደለም። ግን ጭንቅላት ከባድ ነገር ነው ልጄ። የሞላ ጀሪካን ደረትሽ ላይ አስጠግተሽ ብትይዢው ትችዪዋለሽ፤ ክንድሽን ዘርግተሽ ያዢው ብልሽ ስንት ደቂቃ ትቆያለሽ? አንገትሽ ያንን ጀሪካን ክንዱን ዘርግቶ ይዞ ነው የሚውለው፤ ታክሲ ውስጥ፣ ክፍል ውስጥ፣ አልጋሽ ላይ። መጀመሪያ ይጮኻል፣ ከዚያ መጮኹን ይተዋል። አንቺ ስትገቢ ምን አልሽኝ? ህመሙ እንኳ ቀንሶልኛል፣ ትንሿ ጣቴና አጠገቧ ያለችው ብቻ ይደነዝዙኛል አልሽኝ። ብቻ! እየሳቅሽ ነው የነገርሽኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። አሁን መርፌ ሰክቼ ነበር፣ ታውቂያለሽ? ሁለቱም ጣቶችሽ ላይ። ዓይንሽን ከስልክሽ አላነሣሽምና አላወቅሽም። አይዞሽ፣ ደም አልወጣም።

ስለዚህ እኔ ዘንድ ያለው መፍትሔ እዚህ ላይ ያበቃል። ነገ ጧት ሐኪም ቤት ትሄጃለሽ፣ የአንገት ፎቶ ትነሺያለሽ፣ የሚሉሽን ትሰሚያለሽ። ከፈተናው በኋላ አትበዪኝ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ስልኩን ጣዪው አላልኩሽም፣ ወደ ዓይንሽ ከፍ አድርጊው፣ ቶሎ ቶሎ አስቀምጪው፣ ተነሺ፣ ቀና በይ። ያ ሰው እኮ ወርቅ ማጠቡ አልነበረም ጥፋቱ። ሲጠየቅ ሳያይ መመለሱ ነው። እናትሽ ስትጠይቅሽ ደህና ነኝ ትያታለሽ፣ ዓይንሽን ከስልኩ ሳታነሺ። ስንት ወር አልሻት? እሷም አይታለች፣ ተይ ልጄን አላስከፋት ብላ ዝም ብላለች። ሰማሽ አንቺ ደጅ ያለሽው? ላንቺም ነው የምናገረው።

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽና ልልቀቅሽ። ከቤታችሁ እስከዚህ አብራችሁ ነው የመጣችሁት። ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጣችኋል፣ ይህን ዳገት ጎን ለጎን ወጥታችኋል። እኔ መስኮቱ ጋ ሆኜ አየኋችሁ፤ እሷ የአንቺን ቦርሳ ተሸክማለች፣ አንቺ ስልክሽን። ወደ በሩ አትዙሪ። እንዲሁ እንዳለሽ ንገሪኝ። እናትሽ ዛሬ ምን ለብሳለች?

ነጠላ? ነጠላማ ሁልጊዜ ትለብሳለች። የሰውዬውን መልስ መለስሽልኝ። ሌላስ?

እህ፣ አላየሁም አልሽ። ጎበዝ። ይቺን ነበር የምፈልጋት።

በቃ፣ አታልቅሺ። ቀስ ብለሽ ተነሺ፣ አልጎትትሽም። እስከቻልሽበት ድረስ ብቻ ቀና በይ። ውጪና ፊቷን እዪ፣ ረጋ ብለሽ፣ ከዚያ ምን እንደለበሰች ተመልሰሽ ንገሪኝ። ስልክሽን እዚህ ትተሽው ሂጂ፤ እኔ እጠብቅልሻለሁ።